ስልኩ ነው ወይስ ሰበቡ? ጎንደር ላይ ሰው ከሰው መገናኘቱ ምን እየሆነ ነው

አሁን አሁን ጎንደር ላይ በዓል በመጣ ቁጥር፣ ለቅሶ ቤት ድንኳን ስር፣ ባጃጅ ውስጥ ሳይቀር አንድ ወሬ ይደጋገማል፣ "ስልክ ሰውን ከሰው ለየው" የሚል። ትልልቆቹ ልጆቹን ይወቅሳሉ፣ ልጆቹ ደሞ እናንተስ ኢሞ ላይ ስታወሩ አይደል የምታመሹት ይላሉ፣ ሁለቱም ወገን ያዩትን ነው የሚናገሩት። ችግሩ ወሬው እዛው ላይ መቆሙ ነው። ስልክ አራራቀን ወይ ስልክ አቀራረበን ብሎ መደምደም ቀላል ነው፣ ግን የትኛውን ግንኙነት ነው የሚያራርቀው፣ በምን መንገድ፣ የማንንስ የሚለው ካልታየ ወቀሳው ከማስቀየም አያልፍም። ይሄ ፅሁፍ እሱን ለማየት የሚሞክር ነው።

መጀመሪያ ሰበብን እንየው

አማርኛችን ላይ "በቡና ሰበብ ተገናኘን" የሚል አነጋገር አለ። ትንሽ ቃል ትመስላለች ግን ብዙ ነገር ይዛለች። አብዛኛው በአካል የምንገናኘው ለመገናኘት ብለን አስበን አልነበረም፣ ሌላ ጉዳይ ስለነበረን ነው። የእቁብ ብር ለመስጠት ሰብሳቢው ቤት ይኬዳል፣ ተቀመጥ ይባላል፣ ቡና ይደርሳል፣ አቦል ተጠጥቶ ቶና ሳይደርስ መነሳት ነውር ስለሆነ አንድ ሰአት ያልፋል። የእድሩ ጥሩንባ ሲነፋ ሰው ከየቤቱ ወጥቶ ማን ነው የሞተው እያለ በር ላይ ይሰበሰባል። ከገጠር ወይ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው መልእክት ካመጣ ቤት ድረስ ያደርሳል፣ ሳይበላ አይወጣም። የቤት ስልክ ያለው ጎረቤት አንድ ከነበረ "ከአዲስ አበባ ተደውሎላችኋል ኑ" እየተባለ ልጅ ይላካል፣ ሰፈሩ በሙሉ እዛ ቤት ይመላለሳል። ቦኖ ውሃ ላይ ጀሪካን ደርድሮ ተራ መጠበቁም ራሱ አድካሚ ሆኖ ግን የሰፈር ወሬ የሚሰማበት፣ የታመመ የሚጠየቅበት ቦታ ነበር።

እንግዲህ እነዚህን ጉዳዮች አንድ በአንድ ስልክ ወሰዳቸው። ቴሌብር ግንቦት 2013 ስራ ከጀመረ ወዲህ የእቁብ ብር ከአልጋ ሳይወረዱ ይላካል፣ የእድሩ መልእክት ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ይለጠፋል፣ የሰርግ ጥሪ በፎቶ ይመጣል፣ የአራዳ ገበያ ዋጋ በድምፅ መልእክት ይጠየቃል፣ ባጃጅ ይዞ ፒያሳ መሄድ ቀርቶ ደውሎ መጨረስ ይቻላል። እያንዳንዱ ለውጥ ለብቻው ሲታይ ትክክል ነው፣ ጊዜ ይቆጥባል፣ ብር ይቆጥባል፣ ለአቅመ ደካማ ደሞ ትልቅ እፎይታ ነው። ማንም ሰው ቁጭ ብሎ "ከዛሬ ጀምሮ እነ እትዬን አልጠይቅም" ብሎ አልወሰነም። ጉዳዩ ነው ያለቀው፣ በጉዳዩ ጀርባ ታዝሎ ይመጣ የነበረው ቁጭ ብሎ ማውራት አብሮ ቀረ።

ለዚህ ነው "ሰው ፍቅሩ ቀንሶ ነው" የሚለው ማብራሪያ ብዙ የማያሳምነው። ፍቅሩ ባይቀንስም፣ ያለ ጉዳይ ሰው ቤት ሄዶ በር ማንኳኳት ግን ከባድ ነው፣ "ምነው ደህና?" ነው የሚባለው። ድሮ ሰበቡ ለሰውዬው መግቢያ ይሰጠው ነበር፣ አሁን መግቢያውን ራሱ መፍጠር አለበት፣ ደፋርና ተጫዋች የሆነው ይፈጥራል፣ አይናፋሩ ቤቱ ይቀመጣል።

የጋራ ስክሪንና የግል ስክሪን

ቴክኖሎጂ ሁሉ ሰውን ይበትናል ማለት ግን ስህተት ነው፣ እንደውም ሲጀምር የሚሰበስብበት ጊዜ ብዙ ነው። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን በ1957 ዓ.ም ከጀመረ በኋላ ባሉት ብዙ አመታት ቲቪ ያለው ቤት የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ቤት ነበር፣ ጫማ በር ላይ አውልቆ ምንጣፍ ላይ ተደርድሮ ነው የሚታየው። ሬዲዮም እንደዛ። ቲቪው እየረከሰ በየቤቱ ሲገባ ጎረቤት ለጎረቤት መሄዱ ቀረ፣ ቀጥሎ ስልኩ በየኪሱ ሲገባ ደሞ አንድ ሳሎን ውስጥ ያሉት አምስት ሰዎች አምስት የተለያየ ነገር ማየት ጀመሩ።

ስለዚህ ልዩነቱ ያለው ስክሪን መኖር አለመኖሩ ላይ ሳይሆን ስክሪኑ የጋራ ነው የግል የሚለው ላይ ነው። የዚህ ማስረጃ ዛሬም አይናችን ስር አለ፣ ቅዳሜና እሁድ የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ሲኖር ዲኤስቲቪ ቤቶችን ማየት ነው፣ አግዳሚው ሞልቶ ቆሞ የሚያየው ብዙ ነው፣ የማይተዋወቅ ሰው ጎል ሲገባ ይተቃቀፋል፣ ከጨዋታው በኋላ ክርክሩ መንገድ ላይ ይቀጥላል። ያ ሁሉ ግንኙነት የተፈጠረው በስክሪን ነው። ያንኑ ጨዋታ እያንዳንዱ በየስልኩ ቢያየው የሚተቃቀፍ የለም።

እዚህ ላይ ሞባይል ለምን ከቲቪ እንደተለየ የሚገባን ይመስለኛል። ቲቪ ፕሮግራሙ ያልቃል፣ ለሁሉም አንድ አይነት ነው፣ በነጋታው "ትላንት አየህ?" ይባልበታል። ቲክቶክና ፌስቡክ ግን የሚሰሩት አልጎሪዝም በሚባለው ነገር ነው፣ ማለትም አንድ ሰው ምን ላይ እንደቆየ ምን እንደወደደ እየመዘገበ ቀጥሎ የሚያሳየውን የሚመርጥ የኮምፒውተር ስሌት ማለት ነው። የባልና የሚስት እንኳን አይመሳሰልም፣ ስለዚህ በጋራ የሚወራበት ነገር ያንሳል። ማለቂያም የለውም፣ በጣት ሲገፉት ሌላ ይመጣል፣ ቀጥሎ የሚመጣው ደስ የሚል ይሁን አሰልቺ አለመታወቁ ራሱ ነው ጣትን የሚያስሮጠው፣ ሽልማት አንዳንዴ ብቻ ሲገኝ ልማድ የበለጠ እንደሚጠነክር የስነልቦና ሰዎች ከስማርት ስልክ በፊት ብዙ አስርት አመታት ቀድመው ያወቁት ነው።

አካል እዚህ፣ ልብ እዛ

ሁለተኛው መንገድ ደሞ ተገናኝተንም ስንቀመጥ የሚሆነው ነው። ለዚህ እ.ኤ.አ. በ2012 አውስትራሊያ ውስጥ አዲስ ቃል ወጥቶለታል፣ ፈቢንግ ይሉታል፣ ስልክና ችላ ማለት የሚሉትን ሁለት ቃላት አጣብቀው የሰሩት ነው፣ አጠገብህ ያለን ሰው ትተህ ስልክህን ማየት ማለት ነው። ቃሉ አዲስ ይሁን እንጂ ነገሩን በአማርኛ "አካሉ እዚህ ነው ልቡ እዛ" ብለን እንገልፀዋለን።

ይሄ ለምን ያስቀይማል የሚለው ሲጠና የሚገርም ነገር ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የ10 ቋንቋዎች ጥናት እንዳሳየው ሰው ሲያወራ አንዱ ጨርሶ ሌላው እስኪቀበል ድረስ ያለው ክፍተት በአማካይ 0.2 ሰከንድ አካባቢ ነው። ቀና ብሎ ለማየትም የማይበቃ ጊዜ ነው። እኛ ጋር ደሞ የሚያዳምጥ ሰው ዝም አይልም፣ "እህ"፣ "ወይ ጉድ"፣ "እና ከዛ"፣ ወይ ትንፋሹን ሳብ አድርጎ መስማቱን ያሳያል፣ ተናጋሪው የሚቀጥለው እሱን እየሰማ ነው። ስልክ የሚያይ ሰው እነዚህን ያዘገያል ወይ ያለቦታቸው ያስገባል፣ ተናጋሪው ደሞ ምክንያቱን ባያውቀውም ወሬው ይቀዘቅዝበታል፣ ያሳጥረዋል፣ ከባዱን ጉዳይ ትቶ ቀላሉን ብቻ ያወራል።

ጥናቶቹ እዚህ ላይ ምን ይላሉ ካልን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንግሊዝ አገር ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ የማይተዋወቁ ሰዎችን ሁለት ሁለት አድርገው አስቀምጠው ለአንዳንዶቹ አጠገባቸው ስልክ ለሌሎቹ ማስታወሻ ደብተር አስቀመጡ፣ ስልኩ ባይነካም መቀራረባቸው ቀንሶ ተገኘ፣ በተለይ ቁም ነገር ያወሩት ላይ። ይሄ ዝነኛ ሆነ፣ ግን በኋላ ከደገሙት ውስጥ ያንኑ ያላገኙ አሉ። ካናዳ ቫንኩቨር ላይ ደሞ ከ300 በላይ ሰዎች ከወዳጅ ከቤተሰብ ጋር ምግብ ቤት ሲበሉ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጡት ካላስቀመጡት ያነሰ ተደሰቱ፣ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነበር፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ነው የወጣው። ስለዚህ ስልክ ጠረጴዛ ላይ ታየ ማለት ጨዋታው ሞተ ማለት አይደለም፣ ግን በእያንዳንዱ ቡና ላይ ትንሽ ትንሽ ሲቀንስ ዓመቱን ሙሉ ምን ያህል ይሆናል የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው።

ጎንደር ላይ ይሄን በደንብ የሚያሳየው የአዝማሪ ቤት ይመስለኛል። አዝማሪ ግጥሙን ሸምድዶ የመጣ አይደለም፣ የገባውን ሰው ፊት አይቶ፣ አለባበሱን አይቶ፣ ከማን ጋር እንደመጣ አይቶ ነው እዛው የሚገጥመው፣ ሰሚውም "ተቀበል" ብሎ ግጥም ይሰጠዋል፣ አዝማሪው አዙሮ ይመልስለታል። ጨዋታው የሁለቱ ነው። አሁን ግማሹ ሰው ስልኩን ቀጥ አድርጎ ይዞ ይቀርፃል፣ የሚቀርፅ ሰው ደሞ ተቀበል አይልም፣ ድምፁ ቪዲዮው ላይ እንዳይገባ ይፈራል፣ ፊቱም በስልኩ ተሸፍኗል፣ አዝማሪው የሚያነበው ፊት ያጣል። ቪዲዮው ቲክቶክ ላይ ለብዙ ሺህ ሰው ይደርስ ይሆናል፣ ለአዝማሪውም ገበያ ነው፣ ይሄን መካድ አይቻልም። የተቀረፀው ግን እየሳሳ ያለ ጨዋታ ነው። ጥር 10 ለከተራ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ፣ ጥር 11 ደሞ ውሃው ዳር ያለውን የስልክ ብዛት ያየ ሰው ተመሳሳይ ነገር ያስባል፣ እዛ ላይ ግን ከሩቅ አገር ሆኖ የሚያይ ዘመድ ስላለ ፍርዱ እንዲህ ቀላል አይደለም።

መርዶ ፌስቡክ ላይ ሲነገር

ከሁሉም በላይ ጉዳቱ ግልፅ ሆኖ የሚታየው መርዶ ላይ ነው፣ እዚህ ላይ ማመዛዘን እንኳን የሚያስፈልግ አይመስለኝም።

መርዶ ዝም ብሎ ወሬ ማድረስ አይደለም። ሽማግሌና የቅርብ ዘመድ አስቀድሞ ይመካከራል፣ ማን ይንገረው፣ ልብ ህመም አለበት ወይ፣ እርጉዝ ናት ወይ፣ ማን አጠገቧ ይሁን ይባላል፣ ሌሊት ወይ ጎህ ሲቀድ ሰው ተሰብስቦ ነው በሩ የሚንኳኳው። ሰውየው ስራ ላይ ወይ መንገድ ላይ እያለ አይነገረውም። ይሄ ሁሉ የተሰራው ለአንድ ነገር ነው፣ ሰው የቅርቡን ሞት የሚሰማበት ደቂቃ ላይ ብቻውን እንዳይሆን፣ ሲወድቅ የሚይዘው እጅ እንዲኖር።

አሁን የሚሆነው፣ አንድ ወዳጅ ከልቡ አዝኖ የሟችን ፎቶ "ነፍስ ይማር" ብሎ ይለጥፋል። ክፋት የለውም። ግን አልጎሪዝሙ ፖስቱን መጀመሪያ ለማን ያሳየዋል? ከለጠፈው ሰው ጋር ብዙ ለሚፃፃፈው፣ ፎቶውን ብዙ ለሚወደው የማሳየት እድሉ ከፍ ይላል፣ ከነዚህ ውስጥ ደሞ የሟቹ እህት፣ ልጁ፣ የልብ ጓደኛው ሊኖሩ ይችላሉ። መርዶው በጥንቃቄ ሊነገራቸው የታሰቡት ሰዎች ራሳቸው ቀድመው ሊያዩት ይችላሉ ማለት ነው፣ እሱም ባጃጅ ውስጥ፣ ቢሮ ውስጥ፣ ወይ ሪያድና ዋሽንግተን የስራ ፈረቃ ላይ ብቻቸውን ሆነው። ለመርዶ አንድ ሌሊት ጊዜ ያስፈልገው ነበር፣ ያ ጊዜ ነው የተወሰደው።

ለቅሶ መድረስም ላይ ተመሳሳይ ነገር አለ። ብዙ ሰው አሁን ደውሎ ወይ ቴሌግራም ላይ "ፅናቱን ይስጣችሁ" ብሎ ይጨርሳል፣ ሩቅ ላለ ሰው ይሄ ከምንም ይሻላል። ቅርብ ሆኖ መቅረቱ ግን ለምን እንደሚያስቀይም ማየት ጥሩ ነው። ለቅሶ ቤት የሚሄድ ሰው ብዙ ጊዜ የሚናገረው የለውም፣ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ዝም ይላል፣ ንፍሮ ይቀምሳል፣ ይነሳል። መልእክቱ ዝምታው ነው። ስልክ ደሞ ዝምታን ማድረስ አይችልም፣ ትንሽ ዝም ከተባለ "ሄሎ፣ ተቋረጠ እንዴ?" ይባላል። ስለዚህ በስልክ የሚያፅናና ሰው የግድ መናገር አለበት፣ የሚናገረው ደሞ ያንኑ ሁሉም ሰው የሚለውን ነው።

ስልክ ባይኖር የማይኖር ግንኙነት

የሌላውም ወገን ክርክር ጠንካራ ነው። ጎንደር ልጁ የተሰደደባት ከተማ ናት፣ በሱዳን አድርጎ የወጣ፣ አረብ አገር ያለ፣ አሜሪካ ያለ፣ ብዙ ነው። በተለይ ቤተ እስራኤላውያን ግማሽ ቤተሰባቸው እስራኤል ሆኖ ግማሹ እዚህ ለዓመታት እየጠበቀ ነው። ለነዚህ ሰዎች ስልክ በአካል መገናኘትን አልቀማቸውም፣ በአካል መገናኘቱ ድሮውንም አልነበረም። ካሴት ላይ ድምፅ ተቀርፆ በሰው እጅ ይላክ በነበረበት ዘመንና አያት በኢሞ የልጅ ልጇን ስታይ ያለው ልዩነት ትልቅ ነው።

ጥናቱም ወደዚህ ያዘነብላል። አሜሪካ ፒትስበርግ ላይ በ73 ቤተሰቦች ውስጥ ያሉ 169 ሰዎችን ኢንተርኔት ካስገቡ በኋላ የተከታተለ ጥናት እ.ኤ.አ. በ1998 ሲወጣ ብዙ የተጠቀሙት ከቤተሰብ ጋር ማውራታቸው ቀንሶ ብቸኝነታቸው ጨምሯል ብሎ ነበር። እነዛው ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ተመልሰው ሲያዩት ግን ያ ጉዳት አብዛኛው ጠፍቷል፣ አዲስ ባጠኗቸው ሰዎች ላይ ደሞ ተግባቢ የሆኑት እንደውም ተጠቅመዋል፣ ዝምተኞቹ ላይ ግን ተቃራኒው ታየ። "ላለው ይጨመርለታል" እንደተባለው ነው። የጎንደር ሰበብ ነገርም ይሄው ነው፣ ቀድሞ ብዙ ወዳጅ ያለው ሰው ስልኩን ለመቀጣጠር ይጠቀምበታል፣ ወዳጅ የሌለው ደሞ በወዳጅ ምትክ ይጠቀምበታል። አማካዩ ላይ ችግር ላይታይ ይችላል፣ ውስጡ ግን የሚጎዳ ሰው አለ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 በዓለም ላይ ከ6 ሰው አንዱ ብቸኝነት ይሰማዋል ሲል ምክንያቱን ለስልክ ብቻ አልሰጠውም፣ ድህነትን፣ ህመምን፣ ብቻ መኖርንም ጨምሯል።

ኔትወርክ የጠፋበት ጊዜ ምን አሳየን?

በ2015 ዓ.ም ክረምት አማራ ክልል ውስጥ ጦርነቱ ሲጀመር የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለብዙ ወራት ቆየ። አንዳንድ ሰው ያንን ጊዜ እያነሳ "ያኔ እኮ ሰው መጠያየቅ ጀምሮ ነበር" ይላል። ሊሆን ይችላል፣ መብራት ሲጠፋም እኮ ቤተሰብ ሻማ ዙሪያ ማውራት ይጀምራል። ግን ከዛ ተነስቶ ኢንተርኔት ቢቀር እንቀራረባለን ማለት ልክ አይመጣም፣ ምክንያቱም ያ ጊዜ የሰአት እላፊም፣ የፍርሃትም፣ የመንገድ መዘጋትም ጊዜ ነበር፣ ሰው የተጠያየቀው ደህና መሆኑን ለማወቅ ነው፣ በዛው ልክ ደሞ ሩቅ ያለ ልጁን ድምፅ ያጣ ወላጅ ብዙ ነው። ዝምታው ከስልክ ሱስ ፈውስ አልነበረም።

ጊዜው ሌላም ነገር ያስተምራል፣ በአካል ላለመገናኘታችን ስልክ ብቸኛ ተጠያቂ አይደለም። ማታ መውጣት በሚያስፈራበት ከተማ ሰው በጊዜ ቤቱ ይገባል፣ ከገባ በኋላ ያለው ስልክ ነው። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ የኑሮው ነገር ሌላ ክብደት ጨምሯል፣ ቡናው፣ ስኳሩ፣ ከሰሉ፣ ሁሉም ዋጋ ስላለው ጎረቤት ጠርቶ ሶስቴ ማፍላት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም፣ የተጠራም ሰው መልሶ መጥራት ስላለበት ባይጠራ ይመርጣል። የተከፋ ሰው ስልኩ ውስጥ ሲገባ አይተን ስልኩ አስከፋው እንላለን፣ ብዙ ጊዜ ቅደም ተከተሉ ግልባጭ ነው።

ወዴት እየሄደ ነው?

ቅርብ ጓደኝነትና የቤተሰብ ፍቅር በቀላሉ አይፈርስም፣ ስልክም ያግዘዋል። የሚያሰጋው መሃል ላይ ያለው ነው፣ ጓደኛም ያልሆነ ባዳም ያልሆነ፣ የእድር ሰው፣ የሰንበቴ ሰው፣ የቦኖ ሰው። ከነዚህ ጋር የሚያገናኘን ጉዳይ ብቻ ነበር፣ ጉዳዩ ስልክ ላይ ሲሄድ የሚቀር ነገር የለም። ደሞ ጠብ ሲነሳ ለሽምግልና የሚጠራው፣ ቤት ሲቃጠል ባልዲ ይዞ የሚሮጠው፣ የታመመን ሆስፒታል የሚያደርሰው ይሄው ሰው ነው። ሽማግሌ መሆን የሚቻለው ሰፈሩን በማወቅ ነው፣ ሰፈሩን ማወቅ የሚቻለው ደሞ ለዓመታት በየቤቱ በመቀመጥ ነው። ዛሬ ሃያ ዓመት የሆነው ልጅ ነገ ሲሸመግል ማንን ያውቃል?

ህፃናት ላይ ያለውን በአጭሩ ለማንሳት፣ የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስክሪን ጭራሽ አይመከርም፣ ከ2 እስከ 4 ላሉት ደሞ በቀን ከ1 ሰአት እንዳይበልጥ ይላል። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ፊት አይቶ፣ ድምፅ አውጥቶ መልስ ሲያገኝ ነው፣ እንዲበላ ተብሎ ስልክ የሚሰጠው ልጅ አፉን ይከፍታል እንጂ ከሚያጎርሰው ሰው ጋር አይን ለአይን አይተያይም።

ሰው ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም፣ እያስተካከለ ነው። ለቅርብ ቤተሰብ መርዶው እስኪነገር ፖስት አታድርጉ እየተባባለ የሚደዋወል አለ። እቁብም ላይ ብሩ በቴሌብር ይገባና እጣው በአካል ይወጣል፣ ምክንያቱም እጣ ላይ ሰው አይቶ ነው የሚያምነው፣ ወረቀቱ ሲጠቀለል፣ ሲቀላቀል፣ ልጅ ሲያነሳው ማየት ይፈልጋል። አይቶ ለማመን ከመጡ ደሞ ቡና አለ፣ ቡና ካለ አቦል ተጠጥቶ አይነሳም፣ የደረሰው ሰው ይመረቃል፣ ሳይመጣ የቀረ ካለ ምን ሆኖ ነው ተብሎ ይጠየቃል፣ ሲወጡም ሁለት ሶስት ሰው ቤቱ ጎራ ብሎ ያየዋል።